ምስጢር የማይቋጥር ጠጠር

«ድንጋይ ነው እንዴ የምታጥቡት?»

ጥያቄው ከአጥሩ በላይ የመጣው መላ አሥራ ሰባተኛውን ባልዲ ጠጠር ስትገለብጥ ነው። ጠያቂዋ ጎረቤታቸው ናት። የሰፈሩን ወሬ ከባለቤቶቹ ቀድማ ስለምታውቅ በሌለችበት «ሬዲዮ» ይሏታል። አንገቷን አስግጋ ግቢውን ቃኘች። አባት ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ ጠጠር ያሻል፤ ወንድ ልጁ ያለቀልቃል፤ እናት የታጠበውን እንደ እህል ትለቅማለች፤ አያትየው ወንበር ላይ ተቀምጠው በከዘራቸው ሥራውን ይመራሉ።

መላ ጉንጯ ላይ የተረጨውን ጭቃ በክንዷ ጠርጋ «አዎ፣ እትዬ» አለች። ሌላ ምን ትበል?

«በሳሙና?»

«በውሃ ብቻ።»

ሬዲዮ ይህን እንደሰማች ከአጥሩ ላይ ጠፋች። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ሁለት አዳዲስ አንገቶች ብቅ አሉ።

መላ የመዝገብ ስሟ አይደለም። ያወጡላት አያቷ ናቸው፤ ከሥራ ለማምለጥ መላ የማታጣ ልጅ ስለሆነች። በስምንት ዓመቷ፣ ዕቃ ማጠብ ሲመጣባት ሰሃኖቹን ዝናብ እንዲያጥባቸው ግቢ ውስጥ ደርድራ ተገኝታለች። በአሥር ዓመቷ፣ አልጋ ላለማንጠፍ ስትል አንድ ወር ሙሉ ከአልጋ ልብሱ በላይ ስትተኛ ከርማለች። አሁን አሥራ አራት ሞልቷታል፤ መላውም አብሯት አድጓል።

ጠላቷ የግቢው አበባ ነበር። በየምሽቱ ሃያ ሁለት ባልዲ ውሃ ይጠጣል። ቧንቧው ያለው ከቤቱ ጀርባ ሲሆን ጎማው ከተቀደደ ሁለት ዓመት አልፎታል። አባቷ አናጺ ነው፤ የሰው ቤት በር በቀጠሮው ያደርሳል፣ የራሱን ቤት ነገር ግን ነገ፣ ነገ እያለ ያሳድረዋል። አበባውም ይህን ሁሉ ድካም ከምንም ሳይቆጥር ይጠወልጋል። ዘንድሮ ደግሞ መላ ለትምህርት ቤቱ የጠረጴዛ ቴኒስ ቡድን ታጭታለች። ልምምዱ ከሰኞ እስከ ሐሙስ ከትምህርት በኋላ ነው። አሰልጣኙ አንድም ቀን ሳይቀር የመጣ ብቻ ቡድኑ ውስጥ እንደሚገባ ተናግሯል። እናቷ ደግሞ አበባው ውሃ ሳያገኝ ጀምበር እንዳትጠልቅ ተናግራለች። ከሁለቱ አንዱ መቅረት ነበረበት።

መውጫውን ያገኘችው ጥርስ ሐኪም ቤት ነው። ተራዋን ስትጠብቅ ካገላበጠችው መጽሔት ላይ አንድ የጃፓን ዓይነት የቤት ግቢ አየች። የተበጠረ ፀጉር የመሰለ መስመር የተሰመረበት ጠጠር፣ ሦስት ድንጋዮች፣ አንዲት ድንክ ጥድ። ሰዎች በረንዳ ላይ ተቀምጠው ዝም ብለው ያዩታል። ከሥሩ «ውሃ አይፈልግም፣ ጊዜ አይወስድም» ይላል። መላ ይህን ሦስት ጊዜ አነበበችው። ወንድሟ ጥርሷ ሲነቀል ፈገግ ብላ ነበር እያለ ያወራል፤ እርግጥ እሱ እዚያ አልነበረም።

ቤተሰቡን ማሳመን ሁለት ራት ፈጀ። አባቷ ሐሳቡን ወዲያው ወደደው፤ የጎማው ነገር ከእንግዲህ አይነሳማ። ወንድሟ «ይቺ ልጅ እየፎገረችን ነው» አለ፤ ግን አልተቃወመም። አያቷ ለአርባ ዓመት መሬት ሲለኩ የኖሩ ቀያሽ ናቸው። ችካልና ሲባጎ የሚጠይቅ ሥራ መምጣቱን ሲሰሙ ከወራት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሁለተኛ ጭልፋ አስጨመሩ። ያስቸገረችው እናቷ ነበረች።

በመጨረሻ እናቷ ውል አሰረች። አንድ ወር ሙከራ ይደረጋል። ግቢው በሳምንት ከግማሽ ሰዓት በላይ ካልወሰደ መላ ከባልዲ ነፃ ትወጣለች። ከወሰደ ጠጠሩ ይወጣል፣ አበባው ይመለሳል፣ መላም ወደ ሃያ ሁለት ባልዲዋ። ደቂቃውን በመዝገብ የሚይዙት አያቷ እንዲሆኑ ተስማሙ። እሳቸው በልኬት አይቀልዱም። ከአበባው የተረፈው ተነቅሎ ለሬዲዮ ተሰጠ።

አባቷ ጠጠሩን ያገኘው አንድ ወዳጁ ቤት ሠርቶ ሲጨርስ ከተረፈው ነው። ኮንክሪት የሚሞላበት፣ ጭቃና አቧራ የለበሰ ጠጠር ነበር። ሲበተን ግቢው እንደ መጽሔቱ ሳይሆን ጥገና ላይ እንዳለ አስፋልት ሆነ። እጥበቱ የመጣው በዚህ ምክንያት ነው። ሦስት ቀን ፈጀ። በሦስተኛው ቀን ወንድሟ በፈሰሰው ውሃ አበባው ሁለት ወር ይጠጣ እንደነበር ሊያሰላ ሲጀምር አባቱ ሌላ ባልዲ አስያዘው።

ድንጋዮቹን ያስተከሉት አያቷ ናቸው። መላ ድንጋዮቹ በራሳቸው የወደቁ መምሰል እንዳለባቸው መጽሔቱ እንደሚል አስረዳቻቸው። አያቷ ሰምተው ሲያበቁ፣ በአርባ ዓመት ውስጥ ያለ ልኬት የተከሉት ድንጋይ እንደሌለ፣ አሁንም እንደማይጀምሩ ነገሯት። እያንዳንዱ በውሃ ልክ ተስተካከለ፤ ከሥሩም በቀይ ቀለም አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት የሚል ቁጥር ተጻፈበት። አባቷ ከዋንዛ ጣውላ ረጃጅም ጥርስ ያለው ማበጠሪያ ሠራ፤ ቤቱ በሙሉ «ሚዶው» አለው። መላ ጠጠሩን ከአጥር እስከ አጥር፣ ከውጭው በር እስከ በረንዳው ደረጃ አበጠረችው። በእውነት ያምር ነበር። ሬዲዮ እንኳ የምትለው አጣች።

አንድ ነገር ግን ማንም ልብ አላለም። መጽሔቱ ላይ ያሉት ሰዎች ግቢውን ያዩታል እንጂ አይረግጡትም።

በማግስቱ ጠዋት እናቷ ወደ ሥራ ልትወጣ በረንዳው ላይ ስትደርስ ቆመች። የላቦራቶሪ ባለሙያ ናት፤ ቀኑን ሙሉ በማይክሮስኮፕ ሰው የማያየውን ስታይ ትውላለች። ጠጠሩን እንደዚያው ዓይኗን አጥብባ ተመለከተችው። ከውጭው በር እስከ ደረጃው አራት ጥልቅ ጉድጓዶች አሉ፤ በመካከላቸው ሁለት ሁለት ሜትር።

«ትናንት ካንጋሮ መጥቶ ነበር?» አለች።

ትናንት ሳይመሽ እንደገባ የማለው ወንድሟ የጫማውን ክር ማሰር ጀመረ። ጫማው ክር የሌለው ነበር።

እናቷ ግን አልጨረሰችም። ሌላ ዱካ ተከትላ ዓይኗን ወደ ሁለት ቁጥር ድንጋይ ጀርባ ላከች። ሰፊ ጫማ፣ ተረከዙ ወደ ውጭ የተበላ፤ ሄዷል፣ እዚያ ለጥቂት ጊዜ ቆሟል፣ ተመልሷል። ሲጋራ ካቆመ ስምንት ወር የሆነው አባቷ ድንጋዩ መዘንበል አለመዘንበሉን ለማየት መሄዱን ተናገረ። እናቷ የድንጋዩ ጤንነት ስላሳሰበው አመሰገነችውና ወጣች።

«ነቄ ናት» አለ ወንድሟ በሹክሹክታ። «ግቢ አይደለም የሠራሽልን፤ ካሜራ ነው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ወንዶቹ ዱካቸውን ለማጥፋት ከኋላቸው ሚዶ እየጎተቱ መሄድ ስለጀመሩ እናቷ ደንብ አወጣች። ሚዶውን ከመላ በቀር ማንም አይነካም፤ እሷም ረቡዕና ቅዳሜ ብቻ፣ ሩብ ሩብ ሰዓት። መላ በደስታ ተስማማች። ወንድሟ በጊዜ መግባት ጀመረ። አባቷ ማስቲካ እያኘከ ማምሸት ለመደ።

በሁለተኛው ሳምንት፣ ሰኞ፣ መላ ከልምምድ ስትመለስ በሩን ከፍታ ቆመች። ጠጠሩ ተበጥሯል። ጠዋት አርፍዳ በሩጫ የወጣችበት የራሷ ዱካ እንኳ የለም። መስመሮቹ እሷ ከምታሰምራቸው በጣም የቀኑ ነበሩ፤ ሲባጎ የተወጠረ ይመስላል። ማክሰኞም እንደዚያው። በዚህ ቤት መስመር እንዲህ የሚያቀና አንድ ሰው ብቻ እንዳለ ለማወቅ ማይክሮስኮፕ አያስፈልግም።

መላ ዝም አለች። ስጦታ የሚመረመር ነገር አልመሰላትም። እናቷ ዓይኗ ወንዶቹ ላይ ስለነበር ልብ አላለችም፤ ማታ ማታ በረንዳው ላይ ቆማ «እውነትም ጊዜ አይወስድም» ስትል መላ ራሷን ከፍ ዝቅ ታደርጋለች።

ምክንያቱን ያወቀችው ዓርብ ነው። መምህራን ስብሰባ ስለነበራቸው ትምህርት በጊዜ ተለቀቀ፤ በሰፈሩ ፀጉር ቤት በኩል ስታልፍ የምታውቀው ድምፅ ሰማች። በመስታወቱ አየች። አያቷ ባርኔጣቸውን ወደ ኋላ ገፋ አድርገው፣ ከዘራቸውን የፀጉር አስተካካዩ ካፖርት አጠገብ ሰቅለው ዳማ ይጫወታሉ። የዳማውን ጠጠር ገበታው ላይ ሲያሳርፉ ቤቱ ይንቀጠቀጣል። ፊታቸው የተቀመጡት ሽማግሌ አጭበርብረዋል እያሉ ይከሳሉ፣ አያቷ ይስቃሉ፣ ፊቱ ግማሽ የተላጨ ደንበኛ ደግሞ አረፋውን ተቀብቶ ዳኝነት ይሰጣል።

አያቷ ከአራት ወር በፊት ደረጃ ላይ ወድቀው ዳሌያቸውን ተጎድተው ነበር። ሐኪሙ ሰው ሳይዛቸው እንዳይወጡ አዘዘ፤ እናቷ ትእዛዙን የሥራ ቦታ ሕግ ያህል አጠበቀችው። ከዚያ ወዲህ ቤት ውስጥ ድምፃቸው ቀስ በቀስ እየወረደ ሄዶ፣ ጨው አቀብሉኝ ሲሉ እንኳ የሚሰማቸው አጠገባቸው ያለ ብቻ ሆኖ ነበር። መላ እንዲህ ሲስቁ ያየችበትን ቀን ማስታወስ አቃታት። ሳያዩዋት ወደ ኋላ ተመለሰች፤ በሌላ መንገድ ዞራ ሄደች።

ነገሩ ለሁለቱም ተስማምቷል ብላ ራሷን አሳመነች። እሳቸው ዳማቸውን ይጫወታሉ፤ ሲመለሱ የከዘራቸውን ነጠብጣብ ለመደበቅ ግቢውን በሙሉ ያበጥራሉ። እሷ ልምምዷን ትሠራለች። መዝገቡ ላይ «ረቡዕ፦ 15 ደቂቃ። ቅዳሜ፦ 14 ደቂቃ» ይሰፍራል። እናቷም ደስ ይላታል። አሰልጣኙ በአራተኛው ሳምንት ረቡዕ የቡድኑን ዝርዝር ለጠፈ። መላ ሦስተኛ ነበረች።

ሐሙስ ወደ ቤት የመጣችው ራኬቷን በአየር ላይ እያወዛወዘች ነው። በሩን ስትከፍት እጇ ቆመ።

ግቢው የተበጠረው ግማሹ ብቻ ነበር። መስመሮቹ ሦስት ቁጥር ድንጋይ አጠገብ ሲደርሱ ወደ ጎን ተጠማዘው ቀርተዋል። እዚያ ጠጠሩ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ የሚያህል ተጎድጉዷል። አጠገቡ አምስት ጣት ያለው መዳፍ በጥልቀት ታትሟል። ሚዶው አልተነሳም፤ በወደቀበት ተጋድሟል።

በሦስት እርምጃ በረንዳው ላይ ወጣች፤ ካንጋሮውን ራሱን ያስንቅ ነበር። አያቷ ሳሎን ውስጥ፣ ኮታቸውን ሳያወልቁ፣ ወንበራቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። በኮታቸው ጀርባ ላይ ሦስት ጠጠሮች ተጣብቀዋል።

«አባባ፣ ወደቁ?»

«ተቀመጥኩ» አሉ። ከዚያ «ሳላስበው ነው የተቀመጥኩት» ብለው አስተካከሉ።

መላ ጠጠሮቹን አንድ በአንድ ለቀመችላቸው። የትኛው ጎን እንደሚያማቸው ስትጠይቃቸው ሁለቱም ደህና መሆናቸውን ነገሯት፤ ግን የሚያወሩት በዚያ ጨው በሚያስለምነው ድምፅ ነበር።

«መላዬ፣ ማበጠሩን ጨርሽልኝ፤ እናትሽ ሳትመጣ» አሉ።

ወጥታ አበጠረችው። መዳፉ ላይ ስትደርስ ሚዶው አልሄድልሽ አላት። አጎንብሳ የራሷን እጅ አጠገቡ አሳረፈች። የእሳቸው ወደ ታች ገብቶ ነበር፤ ሙሉ ክብደታቸውን ያሳረፉበት ነው። ከበር ውጭ የእናቷ ጫማ ድምፅ ተሰማ። መላ ዓይኗን ጨፍና ሚዶውን ጎተተችው። ስትገልጠው አምስቱ ጣቶች የሉም፤ ቀጥ ያሉ መስመሮች ብቻ።

«ጎበዝ፤ ግን ዛሬ ረቡዕ ነው እንዴ?» አለች እናቷ ስታልፍ።

«ነፋስ ነበር» አለች መላ።

ዓርብ ማታ ወሩ ሞላ። ራት ተነሥቶ ጠረጴዛው ሲጸዳ አያቷ መነጽራቸውን አድርገው መዝገቡን ከፈቱ። በድሮው የሥራ ድምፃቸው የአራቱን ሳምንት ልኬት አነበቡ። ከሃያ ዘጠኝ ደቂቃ የበለጠ ሳምንት አልነበረም። አባቷ አጨበጨበ። ወንድሟ በዚህ ቤት አንድ ሰው እንኳ እናቷን መርታቱ ለታሪክ እንዲጻፍለት ጠየቀ።

«እሺ፣ ተሸንፌያለሁ» አለች እናቷ። «ባልዲውን አባትሽ ለሙጫ ይውሰደው።»

ይህ መላ አንድ ወር የጠበቀችው ዓረፍተ ነገር ነው። አፏን ዘግታ ብትቀመጥ ያበቃ ነበር። አያቷን አየች። ከጠረጴዛው ሥር ዳሌያቸውን በመዳፋቸው እያሹ ነው፤ ሰው እንዳያያቸው በቀስታ።

«መዝገቡ ጎዶሎ ነው» አለች።

አያቷ ከመነጽራቸው በላይ ተመለከቷት። ልኬታቸው ጎዶሎ የተባለባቸው ምናልባት በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይሆን አይቀርም።

«ግማሽ ሰዓት በሳምንት አይደለም» አለች መላ። «በቀን ነው። በየቀኑ ይበጠራል። እኔ አውቃለሁ፤ ዝም ብዬ ነው።»

እናቷ ወደ ወንድሟ ዞረች። እሱ ሁለት እጁን አነሣ። ወደ አባቷ ዞረች። አባቷ እንኳን ሚዶውን ሊነካ ድንጋይ ቁጥር ሁለትንም ካየ ሰንብቷል። ከዚያ በኋላ የሚጠየቁት አያቷ ብቻ ቀሩ፤ እሳቸውን ግን አልጠየቀችም።

አያቷ መዝገቡን ዘጉ። «እኔ ነኝ» አሉ። «ከሰዓት በኋላ ዳማ ልጫወት ፀጉር ቤቱ ጋ እሄዳለሁ። ዱካዬን አጠፋለሁ። ትናንት እሱን ሳጠፋ ወደቅሁ።»

እናቷ ተነሥታ አያቷ ፊት ተንበረከከች፤ በሐኪም ቤት እጇ ዳሌያቸውን ከላይ እስከ ታች ነካካች፤ እዚህ ያማል? እዚህስ? መልሳቸውን ሰምታ ነገ አብረው ወደ ሐኪም እንደሚሄዱ ቁርጡን ነገረቻቸው። ስትነሣ ዓይኗ ቀልቶ ነበር፤ ያለችው ግን «ለመሆኑ ዳማውን ያሸንፋሉ?» ብቻ ነው።

«አብዛኛውን ጊዜ» አሉ አያቷ።

አባቷ ይህን ጊዜ ጭንቅላቱን ያዘ። አርባ ዓመት ቀያሽ፣ ሃያ ዓመት አናጺ፣ አንድ ላቦራቶሪ ተደምሮ ከበሩ እስከ ቤቱ መንገድ መተው እንደተረሳ ገና አሁን ታየው። ጠፍጣፋ ድንጋይ በረድፍ ቢቀመጥ ከዘራ አይሰምጥም፣ ሰው አይንሸራተትም። ቅዳሜ ሳምንት አመጣለሁ አለ። ሁሉም ይህን «ነገ፣ ነገ» በሚለው ቋንቋ ተረዱት፤ እናቷ ግን ውሉ ቢፈርስም ድንጋዩ እስኪመጣ ጠጠሩ እንዲቆይ ፈቀደች።

«ሐኪሙ ያለው ሰው ሳይዛቸው ነው» አለች እናቷ። «አይውጡ አላለም። ግን ማን ይይዛቸዋል? እኔ እስከ ማታ ሥራ ነኝ።»

አባቷ የሰው በር አለበት። ወንድሟ የማጠቃለያ ፈተና አለበት። መላን ማንም አላያትም፤ ልምምድ እንዳላት ያውቃሉ። አለማየታቸው ባሰባት። ማክሰኞና ሐሙስ እሷ እንደምትወስዳቸው ስትናገር ድምፁ ከማን እንደወጣ ለማወቅ ወንድሟ ዙሪያውን አየ።

ቅዳሜ ሐኪሙ ስብራት እንደሌለ፣ ሰው ከያዛቸው መውጣት እንደሚችሉ ተናገረ። ማክሰኞ ለአሰልጣኙ ከአራቱ ቀን ሁለቱን ብቻ እንደምትመጣ ነገረችው። አሰልጣኙ ምክንያቱን ሰማ፤ አልተቆጣም። ዝርዝሩ ላይ ስሟን በአንድ መስመር ሰረዘና ታች «ተጠባባቂ» ከሚለው ሥር ጻፈው። መላ መስመሩን አየችው። ጠማማ ነበር።

ፀጉር ቤት አያቷ ሁለት ጨዋታ ተሸነፉ። ሁለቱንም ፀሐይ ዓይናቸው ውስጥ ስለገባች ነው አሉ፤ ሰማዩ ግን ዳምኖ ነበር። ወደ ቤት ሲመለሱ ክንዷን በደንብ ይዘው፣ መላ ከዚህ በፊት የማታውቃቸውን የሦስት ሽማግሌዎች ማጭበርበሪያ በዝርዝር እያስረዷት መጡ። ድምፃቸው ከመንገዱ ማዶ ይሰማ ነበር። ሬዲዮም ሳትሰማ አልቀረችም።

ጠፍጣፋው ድንጋይ ገና አልመጣም። ጠጠሩን ቀስ ብለው፣ ክንድ ለክንድ ተያይዘው ተሻገሩ። ደረጃው ላይ ሲደርሱ የአያቷ እጅ በልማድ ወደ ሚዶው ሄደ።

«ይተዉት አባባ» ብላ ተቀበለቻቸው።

ሚዶውን እንደያዘች ወደ ኋላ አየች። ከበሩ እስከ እግሯ ድረስ ሁለት ዱካ ጎን ለጎን መጥቷል። አንዱ ሰፊና ቀርፋፋ፣ አንዱ ጠባብ፤ ዳር ዳሩን የከዘራው ነጠብጣብ ይከተላቸዋል። እናቷ ከሥራ ልትመለስ አሥር ደቂቃ ቢቀራት ነው።

መላ ሚዶውን ግድግዳው ላይ አስደገፈችው። ከዚያ ሁለት ወንበር ወደ በረንዳው አወጣች።